ከድልድዩ ማዶ ዕዳ የለም

ጥቅምት 4

ቢሮ ዋልኩ። አሳንሰሩ እንደ ልማዱ ተበላሽቷል። የክፍላችን በር ላይ ያለው «የቤተሰብ ዕዳ ጥናት» የሚለው ሰሌዳ በአንድ ምስማር ተንጠልጥሏል። ማንም አያቃናውም። እኔም አላቃናሁትም።

ሥራችን ሲያወሩት ቀላል ነው። መንግሥት የየትኛው ወረዳ ሰው ምን ያህል እንደተበደረ፣ ማንስ መክፈል እንዳቃተው ማወቅ ይፈልጋል። ዕጣ የወጣላቸው ቤቶች ጋ ጠያቂ እንልካለን። መልሱ ሲመጣ እኔ አጠናቅሬ ካርታው ላይ ቀለም እሞላለሁ። ደህና የሆነው ወረዳ ነጭ፣ የታነቀው ቀይ፣ መረጃ የሌለው ግራጫ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ እነዚያኑ ቤቶች እየተመላለስን።

አለቃችን ስብሰባ ጠራ። «ማስመሪያው» ነው የምንለው... ወንበሩን እንኳ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ሳያስተካክል አይቀመጥም። አዲስ ሐሳብ አምጥቷል። ከእንግዲህ ስለ ዕዳ ሲጠየቅ የቤቱ አዋቂዎች በሙሉ መገኘት አለባቸው። ለምን? «ሰው በቤተሰቡ ፊት አይዋሽም» አለን። ኮስተር ብሎ! ሰው ስለ ገንዘብ መጀመሪያ የሚዋሸው ለማን ሆነና? ይህ ሰውዬ ቤት የለውም? አፌን ያዝኩ። ደሞዝ የሚከፈለኝ ግማሹ ዝም ለማለት ነው።

አበዳሪዎቹ ራሳቸው ያላቸውን መዝገብ ለምን አንጠቀምም ያለ አንድ አዲስ ልጅ ነበር። የአበዳሪዎቹ ቢሮ ሁሉ መሀል ከተማ ነው፤ ብድሩም የሚመዘገበው እዚያው። በእነሱ መዝገብ ከሄድን የአገሩን ዕዳ በሙሉ የተሸከመው አንድ ፎቅ የበዛበት መንገድ ነው። ልጁ ይህንን ሲሰማ ሳቀ። ይስቅ፤ ገና ነው።

ጥቅምት 9

የዘንድሮው ዕጣ ወጣ። ከድልድዩ ማዶ ካለው ወረዳ ከወጡት ቤቶች አንዱ የእህቴ ነው። ስክሪኑ ላይ ሳየው መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ እንደገና አየሁት።

ቤቱ የእናታችን ነው። እናታችን ስትሞት እኔ ከድልድዩ ወዲህ ሁለት ክፍል ተከራይቼ ቀረሁ፤ እህቴ ከባሏ ጋር እዚያው። ከሦስት ዓመት በፊት ልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝታ ሥራ ልትጀምር ቤቱን አስይዛ ተበደረች። እኔም ወራሽ ስለሆንኩ ዋስ ሆኜ ፈረምኩ። «ፈርሚ፤ ያንቺም ቤት ነው፣ መቼም አንድ ቀን ጠርገሽው ባታውቂም» ነበር ያለችኝ። ሰው እንዲህ እየተናገረ ይለምናል?

መጀመሪያ ደህና ነበር። ከዚያ መንገድ እንሠራለን ብለው የሰፈሩን የውሃ ቧንቧ ቆረጡት። ውሃ ከሌለ ምን ታጥቢያለሽ? ደንበኞቿ ወዲህ ተሻገሩ። ከስንት ወር ጀምሮ እንዳልከፈለች አበዳሪው በስልክ ነግሮኛል። እሷ ግን አንዲት ቃል ትንፍሽ አላለችም። ጎረቤቶቿም እንደሷው ናቸው፤ መንገዱ ላይ ያለው ዳቦ ቤት፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሁሉም በውሃ የሚሠራ ነው፤ ሁሉም ተበድሯል።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ገና በይፋ ያልተነገረ መመሪያ አለ። ከአራት ቤት አንዱ የክፍያ ቀን ያሳለፈበት ወረዳ «እፎይታ» ያገኛል። አበዳሪ ለአንድ ዓመት የማንንም ቤት ለሐራጅ ማውጣት አይችልም። ማዶ ያሉት እውነቱን ከተናገሩ የእናታችን ቤት ተረፈ ማለት ነው። ይህንን ለተጠያቂ መንገር ደግሞ ክልክል ነው። ሁላችንም ፈርመናል። ሰዎቹ ካወቁ መልሱ ይበላሻል ነው ነገሩ።

ዘመድ ዘመዱን አይጠይቅምና ቤቱን «ቀጭኗ» ለምንላት ጠያቂ ሰጠሁ። ከጠያቂዎቻችን እሷ ትሻላለች። ቢያንስ ሰው ሲያወራ ታብሌቷ ላይ አታፈጥም።

ጥቅምት 10

ብነግራትስ?

ጥቅምት 14

ነገርኳት። ምን ቆርጦኝ እንደሄድኩ አሁን ሳስበው ራሴን መምታት ያምረኛል።

ባሏ ሳሎን ራዲዮኑን ይዞ ተቀምጧል። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ እኔ ጋሼ ነው የምለው። ገና ሳልቀመጥ ጀመረ... አንዱ ጎረቤት ተበድሮ መክፈል አቅቶት ተዋርዷል። «እኔ በዕድሜዬ የሰው ገንዘብ በልቼ አላውቅም። የማሽኑንም ዕዳ አምና ነው የጨረስነው» አለኝ፣ ደረቱን ነፍቶ። ወደ እህቴ ዞር ስል ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ገባኝ። አያውቅም! እዚያው አንድ አልጋ ላይ እየተኛ አያውቅም።

ወደ ማሽኖቹ ክፍል ወሰደችኝና በሩን ዘጋች። በጀሪካን ውሃ እየቀዳች አንዱን ማሽን ታንቀሳቅሰዋለች። ሳሙናውም በዱቤ ነው የሚመጣላት። በአጭሩ ነገርኳት። ጠያቂ ይመጣል፣ የክፍያ ቀን አሳልፋችኋል ወይ ሲባል አዎ በይ፣ ለጎረቤቶችሽም ንገሪ፣ እውነቱን ካላችሁ ሐራጁ ለዓመት ይቆማል አልኳት።

«እሱ ባለበት ነው አዎ የምለው?»

እሱም መገኘት እንዳለበት ነገርኳት። መመሪያ ነው አልኳት። ሳቀች። ክፉ ሳቅ አላት፤ ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«አዎ ስንልሽ ሰፈራችንን ቀይ ቀብተሽ በቴሌቪዥን ታሳዪዋለሽ፤ ያኔ ሳሙና የሚያመጣልኝ ሰውዬ በዱቤ አልሰጥም ይለኛል። አምና የወፍጮ ሰፈሮችን ቀይ ስትቀቧቸው ምን እንደሆኑ አላየሁም? ዱቄት እንኳ በእጅ በእጅ ሆነባቸው።»

ይህ እውነት ነው። ግን ሐራጁስ? ቤቱስ? አልኳት። ድምፄ ሳይጮህ አልቀረም።

«አንቺ እኔ ስወድቅ ማየት ነው የምትፈልጊው» አለች። «ቤቱን ጥለሽ ሄደሽ፣ አሁን ቆጣሪ ሆነሽ መጣሽ።»

እኔ ለእሷ ብዬ ሥራዬን አስይዤ! አመድ አፋሽ ነኝ። በሩን በርግጄ ወጣሁ። ጋሼ ከኋላዬ ምሳ ብዪ እንጂ ሲል ሰማሁት። ድልድዩን ስሻገር እንደ እብድ ብቻዬን አወራ ነበር።

ጥቅምት 27

ቀጭኗ ከማዶ ተመለሰች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች።

«እዚያ መንገድ ላይ አንድም ሰው ዕዳ የለበትም» አለችኝ።

አንድም ሰው? ዳቦ ቤቱስ? የለብኝም አለ። ፀጉር ሠሪዋስ? የለብኝም። ሁሉም በር ላይ ቆመው እየጠበቋት ነበር፤ ገና ደህና ዋላችሁ ሳትል «የለብንም» ይሏታል። አንዷ ሴትዮ ጭራሽ ጥያቄው ከመነበቡ በፊት መለሰች። ቀጭኗ ሞኝ አይደለችም። ቀድሞ የነገራቸው ሰው አለ አለች። ፊቴን ወደ ስክሪኑ አዞርኩ።

የእህቴን ቤት አልጠየቅኳትም። እሷው ነገረችኝ። ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው የመለሱት። ባልየው ስለ ሐቀኝነት ብዙ አወራ፤ ሚስትየው ዝም ብላ የሱን ጉልበት ትደባብስ ነበር። «እንዲህ የሚዋደዱ ሽማግሌዎች» አለች ቀጭኗ።

ስለዚህ ተናግራለች። እኔ ለጎረቤቶችሽ ንገሪ አልኳት፣ ነገረቻቸው። የተገላቢጦሹን! ቀኑንና ጥያቄውን ከእኔ ሰማች፤ ቤት ለቤት ዞራ መንገዱን በሙሉ አሰለፈች። እኔ ባልሄድ ኖሮ ግማሾቹ ሳያስቡት እውነቱን ይናገሩ ነበር። የማስመሪያውን መመሪያ ስሰድብ ከርሜ መልሱን ያበላሸሁት እኔው።

አንጀቴ አርሯል። በማን ላይ እንደሆነ ግን መለየት አቃተኝ።

ኅዳር 12

ቁጥሩ ተደመረ። ማዶ ከአራት አንድ ከሚለው መስመር በታች ወደቀች። በጥቂት ነው። ያ አንድ መንገድ ብቻ እውነቱን ቢናገር ታልፈው ነበር።

የእህቴ መልስ ስክሪኔ ላይ አለ። «የለም» የሚለውን ነክቼ «አለ» ማድረግ አንድ ጣት ይበቃዋል። ጎረቤቶቿንም እንደዚያው። እውነት እኮ ነው የምጽፈው! እያልኩ ጣቴን አስጠግቼ መለስኩት። እኔ ስንት ጠያቂ አባርሬያለሁ፣ ቤቱ ሳይሄዱ መልስ እየፈጠሩ ሲሞሉ። ዛሬ እኔ ልነሳ? የማልወደው ሥራ ነው፣ ግን ሥራዬ ነው።

ምሳ አልበላሁም።

ኅዳር 15

የማስመሪያው ቢሮ ገባሁና ሁሉንም ዘረገፍኩት። የማዶ መልስ ውሸት ነው፤ ከተጠያቂዎቹ አንዷ እህቴ ናት፤ ቀድሜ አናግሬያታለሁ፤ ሰፈሩን ያሳመነችው እሷ ናት አልኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ጎን አስተካክሎ አስቀመጠና በእርጋታ ጠየቀኝ።

«ከተጠያቂ ጋር ተነጋግረሻል?»

አዎ።

«እንግዲያው የዚያ መንገድ መልስ በሙሉ ይሰረዛል። እሱ ከተሰረዘ ወረዳው በቂ መረጃ የለውም፤ ግራጫ ይሆናል። ግራጫ እፎይታ አያገኝም።»

ካልተሰረዘስ አልኩት።

«ነጭ ነው። ነጭም አያገኝም። ታዲያ ምን አስጨነቀሽ?»

ድጋሚ እንጠይቅ፣ ሰዎቹን ለየብቻ፣ በጓሮ፣ በሥራ ቦታቸው እናናግራቸው ብዬ ለመንኩት። እኔን አባርሩኝ፣ እነሱን ግን እንደገና ጠይቁ አልኩት። በጀት የለም አለ። ካርታውም ለበላይ ቃል ተገብቷል። ከዚያ ደግሞ አዳዲሶቹን መመሪያዎቹን ያነሳልኝ ጀመር... አዋቂዎች በሙሉ ተገኝተው መልስ ሲሰጡ በማዶ ዕዳ እንዴት እንደቀነሰ ማየት ያስደስታል አለ! ዕዳው የቀነሰው በእሱ መመሪያ ነው! ደሜ ፈላ። ያን ቀጥ ያለ ወንበሩን አንስቼ ማጣመም አማረኝ።

ስወጣ «እኔ ምንም አልሰማሁም» አለኝ። ውለታ የዋለልኝ መስሎታል።

ኅዳር 16

ወደ ዋጋ ክፍል ተዛውሬያለሁ። ከነገ ጀምሮ ገበያ እየዞርኩ ሽንኩርት ስንት ነው እያልኩ እጠይቃለሁ። ሽንኩርት ነጋዴ ቢያንስ ሲዋሽ ያሳውቃል።

ጥር 8

ካርታው በቴሌቪዥን ወጣ። ባለሥልጣኑ በረጅም ዱላ እየጠቆመ ያስረዳል። ወፍጮ ሰፈር ቀይ። የእኛ፣ ከድልድዩ ወዲህ ያለው፣ ግራጫ። ማዶ ነጭ፣ ጸዓዳ። «የማዶ ነዋሪዎች ለሌላው ወረዳ ምሳሌ ይሆናሉ» አለ። ዱላው ያረፈው የእናታችን ቤት አካባቢ ላይ ነው ብዬ አሰብኩ። ቤቱ ውስጥ ሆና እህቴም እያየች ነው፤ ጋሼ ደግሞ ደስ ብሎት ጉልበቱን ይመታል።

ወፍጮ ሰፈሮች እፎይታ አገኙ። ይገባቸዋል። ማዶዎች ጭብጨባ አገኙ።

ስልክ ልደውልላት አነሳሁና ተውኩት። ምን ልላት? እንኳን ደስ አለሽ?

የካቲት 3

ለዋጋ ሥራ ማዶ ገበያ ሄድኩ። ከጥቅምት ወዲህ ድልድዩን አልተሻገርኩም ነበር። ድልድዩ አፍ ላይ ጃንጥላ በጃንጥላ ሆኗል። በየጃንጥላው ሥር አረንጓዴ ጃኬት የለበሰ ወጣት፣ ጠረጴዛ፣ ነጻ እስክሪብቶ። «ከዕዳ ነጻ ለሆናችሁ ለእናንተ፣ በአንድ ቀን ብድር» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተወጥሯል። አበዳሪዎቹ ናቸው። ካርታውን አይተው መጡ! መንግሥት ነጭ ካላቸው ገና መበደር የሚችሉ ናቸው ማለት ነዋ። እኔ በአሥር ዓመት አንድ ሰው ካርታዬን በቁም ነገር አይቶ አያውቅም ብዬ ሳማርር ነበር። ይኸው አዩት።

ከጃንጥላዎቹ በኩል እህቴ ስትመጣ አየኋት። መሸሽ አልቻልንም፤ መንገዱ ጠባብ ነው። ከስታለች። ከየት ነው አልኳት። ሳሙና ልገዛ አለችኝ። እጇ ባዶ ነበር። እኔም ሽንኩርት ልጠይቅ ነው አልኳት። እንደ ተጣሉ ደንበኞች ተላለፍን።

ቆም ብዬ ልጠራት ይገባኝ ነበር? ኩርፊያዬ ገና አልወጣልኝም። አልጠራኋትም።

መጋቢት 20

የሐራጅ ማስታወቂያ በር ላይ ለጠፉ። ጋሼ ያወቀው ከዚያ ነው። ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ፣ አንብቦ፣ የተሳሳተ ቤት መስሎት ከጎረቤት መሰላል አምጥቶ ሊያነሳው ሲወጣ የራሱን ሚስት ስም አየው። ይህን የነገረችኝ ፀጉር ሠሪዋ ናት። እህቴማ ስልኳን አታነሳም።

መጋቢት 29

ተሸጠ። የገዛው ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ዞር ብሎ አይቶ ውሃ አለው ወይ ብሎ ጠየቀ። ከሐራጁ የተገኘው ለዕዳው አልበቃም። ቀሪው ከዋሷ፣ ማለትም ከእኔ ደሞዝ በየወሩ ይቆረጣል። የአበዳሪው ሠራተኛ ይህንን የነገረኝ ሳንቡሳ ያዘዝኩት ይመስል ቀለል አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ ነው።

እህቴ አላለቀሰችም። ጓሮ ገብታ የልብስ ማስጫ ገመዶቹን እየፈታች ጠቀለለቻቸው። ላግዛት ስጠጋ ጀርባዋን አዞረችብኝ።

የት ልትሄዱ ነው አልኩት ጋሼን። ጫማውን ያያል። እኔ ጋ ኑ ከማለት ሌላ ምን ልል? እወዳችኋለሁ ብዬ አይደለም። ሁለት ሽማግሌ መንገድ ላይ ጥዬ ማደር ስለማልችል ነው።

ሚያዝያ 6

አብሮ መኖር ይህ ከሆነ ሐራጁ ቀላል ነበር። ከሁለቱ ክፍሎች አንዱን ወሰዱ። ማጠቢያ ማሽኖቹም መጥተዋል፤ ግቢው ውስጥ ላስቲክ ለብሰው ቆመዋል። አከራይዋ በየጠዋቱ እነሱን ታያለች፣ ከዚያ እኔን ታያለች።

እህቴ የእኔን ምግብ አትበላም። መጀመሪያ ቀን አቅርቤላት «ጠግቤያለሁ» ብላ ገፋችው። በማግስቱ የራሷን ምድጃና የራሷን ድስት ከካርቶን አወጣች። አሁን ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለት ምድጃ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት የጨው ዕቃ። በየተራ እንገባለን። እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ። ጋሼ ከሁለቱም ይቀምሳል መሰለኝ፤ ወፍሯል።

ትናንት ዘይቴን ነካሽ አልነካሁም ተባባልን። በዚህ ዕድሜያችን!

ሚያዝያ 24

ቀጭኗ ደወለች። ሁለተኛው ዙር ጥናት ደርሷል። የእህቴን ቤት ማዶ ሄዳ አጥታዋለች። ቤተሰብ ከተዛወረ ጠያቂው ተከትሎ ይሄዳል፤ ይህንን እኔው ነኝ ያስተማርኳት። አዲሱን አድራሻ ጠየቀችኝ።

የእኔ ቤት ነው አልኳት።

ከዚያ መንገድ ስንት ሰው ነው የሄደው አልኳት። ዳቦ ቤቱ የለም። ፀጉር ሠሪዋም በዚህ ሳምንት ለቃለች። የቀሩት ዕዳ የሌለባቸው ናቸው፤ አሁን እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ማዶ በሚቀጥለው ካርታ ጭራሽ ትነጣለች። የሰበረቻቸውን ሰዎች በድልድዩ አሻግራ ለእኛ ሰጠችን። እህቴ የምትቆጠረው ከእንግዲህ እኛ ወረዳ ነው። ማስመሪያው ይህንን ሲያይ ምን ይላል? ያጨበጭባል። ቢሮው ቢቃጠልም ያጨበጭባል።

ግንቦት 3

ዛሬ ቀጭኗ መጣች። ዋጋ ክፍልን አስፈቅጄ ቤት ቀረሁ። እዚህ የምኖር አዋቂ ነኝና መገኘት አለብኝ። ሦስታችን እንደ ተከሳሽ ተደርድረን ተቀመጥን። እሷ ትንሿ በርጩማ ላይ። ዓይን ለዓይን ላለመተያየት ሁላችንም ታብሌቱን እናያለን።

የዕዳው ጥያቄ ደረሰ። ጋሼ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ነበረብን» አለ። «ቤታችንን ሰጥተን ጨርሰናል።»

ቀጭኗ ጽፋ ልታልፍ ስትል እኔ ተናገርኩ። አልጨረሳችሁም፣ ሐራጁ ያልሸፈነው ቀሪ አለ፣ ከደሞዜ ይቆረጣል አልኩ። መጠኑን ነገርኳት። ጋሼ ይህንን አያውቅም ነበር። ፊቱ ሲወርድ አየሁት፣ ግን ሰልችቶኛል! መደበቅ ሰልችቶኛል። ቀጭኗ ቁጥሩን ጻፈች።

«ከዚያ ይበልጣል» አለች እህቴ።

እኔን ሳይሆን ቀጭኗን እያየች ነው።

«ሌላ አለ። ከድልድዩ አፍ ካሉት ልጆች ወስጃለሁ፣ የፊተኛውን ልከፍልበት። ማሽኖቹን አስይዤ። ከእሱም አልከፈልኩም። ጻፊው።»

ጋሼ ራዲዮኑን አነሳ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፣ አልከፈተውም። «ሌላ?» አላት። «ሌላ» አለችው። ተነስቶ ግን አልወጣም። ባዶ እጇን ያየሁበት ቀን ትዝ አለኝ። የዚያን ቀን ብጠራት ኖሮ... አላውቅም። እናደዳለሁ ብዬ ጠበቅኩ። ተናደድኩም። ግን እህቴን እንዲህ አንገቷን ደፍታ አይቻት አላውቅም።

ቀጭኗ ጨርሳ ተነሳች። በር ጋ ደርሳ ተመለሰች። አንድ ጥያቄ ዘልዬ ነበር አለች፣ እያፈረች። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረባት ነው። ስትገባ የወጥ ቤቱ በር ክፍት ስለነበር ሁለቱን ምድጃዎች አይታ ተወችው።

«ከአንድ ድስት ነው የምትበሉት?»

ይህ ጥያቄ የእኛ መሥሪያ ቤት የቤተሰብ ትርጉም ነው። ከአንድ ድስት የሚበሉ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ገቢያቸውም ዕዳቸውም አንድ ላይ ይደመራል። ለየብቻ የሚያበስሉ ሁለት ቤተሰብ ናቸው። ከሁለት ካልኩ ዕዳው የእህቴ ብቻ ነው፤ እኔ ከዋስነት በቀር ነጭ ነኝ። ከአንድ ካልኩ ሁለተኛውም ብድር፣ የአረንጓዴ ጃኬቱም፣ የቤቱ ነው። የቤቱ ደግሞ የእኔ። ሁለቱ ድስቶች ከተቀመጥንበት ይታያሉ። የእሷ ጥቁሩ፣ የእኔ ሰማያዊው። እህቴ ወደዚያ አይታ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። መልሱን የምትጠብቀው ከእኔ ነው፤ ከእኔ ክፉ ለምዳለች።

«ከአንድ ነው» አልኩ።

ቀጭኗ ቀና ብላ አየችኝ። አሥር ዓመት ውሸታም ጠያቂ ሳሳድድ የኖርኩትን ሴትዮ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጻፈች።

እሷ ከሄደች በኋላ እህቴ አመሰግናለሁ አላለችም፤ ብትልም አልሰማም ነበር። ወጥ ቤት ገባች። ውሃ ሲወርድ ሰማሁ። ጥቁሩን ድስቷን አጥባ ደፋችውና ሰማያዊውን ጣደች። ለሦስት ሰው።

ጨው አብዝታለች። ነገ እነግራታለሁ።